«ሠላሳ ሺህ ጻፍልኝ»፦ ታክስ ስንሠራ ማይል ላይ የምንሳሳተው

አሜሪካ ውስጥ ታክስ የሚሠራ ሰው ይህን ቃል ሳይሰማ የሚያልፍበት ዓመት የለም። «ስንት ማይል ነዳህ?» ሲሉት ደንበኛው ጣራ ጣራውን ያይና «ሠላሳ ሺህ ጻፍልኝ» ይላል። በ2025 የአይአርኤስ (የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤቱ) ተመን ለአንድ የሥራ ማይል 70 ሳንቲም ነበር። በዚያ ተመን ያቺ አንዲት ቃል ከገቢው ላይ 21,000 ዶላር ታስቀንሳለች።

«እሱ ነው ያለው፣ እኔ ምን አገባኝ» ማለት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ግማሹ እውነት አለው። ደንቡ ደንበኛ የነገረንን በቅን ልቦና እንድንቀበል ይፈቅዳል፤ ኦዲተር ሁኑ አላለንም። የሰጠን መረጃ የጎደለ ወይም እርስ በርሱ የሚጋጭ ከመሰለን ግን ዝም ማለት አንችልም። ማይል ላይ ደግሞ ጠበቅ ይላል። ሕጉ ራሱ የማይሉን ብዛት፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የሥራውን ምክንያት የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋል። ስለዚህ ማስረጃው መኖሩን መጠየቅ የኛ ሥራ ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ስኬጁል ሲ (በግሉ የሚሠራ ሰው ገቢና ወጪውን የሚያሳይበት ቅጽ) ላይ ያለው 47ኛ መስመር ነው። «ማስረጃ አለህ? በጽሑፍ ነው?» ይላል። ስንቶቻችን ነን ደንበኛውን ቀና ብለን ሳናይ «አዎ» የምንለው? ጥያቄው የቀረበው ለእሱ ነው፣ መልሱም የእሱ ነው። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡለት። «የለኝም» ካለ «አዎ» ብሎ መሙላት ውሸት ነው፤ ለሌሎች ወጪዎች አንዳንዴ የሚሠራው ግምትም ለመኪና አያገለግልም።

«ታዲያ የማይል መዝገቡን አሁን እንጻፈው» የሚል ይመጣል። ከሾፌር አፑ የጉዞ ታሪክ፣ ከቀጠሮ መዝገብና ኦዶሜትሩን (የመኪናውን ማይል ቆጣሪ) ከሚያሳይ የጋራዥ ደረሰኝ ተነስቶ ራሱ ቢያቀናብረው ነውር የለውም። በየዕለቱ እንደተጻፈ ያህል ባይጠነክርም ማስረጃ ነው። ቁጥሩን እኛ ከሞላንለት ግን ነገሩ ሌላ ነው። መኪናው ጋራዥ በቆመበት ሳምንት 400 ማይል የተነዳበት መዝገብ ከቀረበላችሁ ደግሞ ጠይቁ።

ከቤት ወደ ቋሚ የሥራ ቦታ የሚነዳው የሥራ ማይል አይደለም። ደብሊው-2 (ከአሠሪ የሚሰጥ የደመወዝ ቅጽ) ብቻ ያለው ተቀጣሪም ከ2018 ወዲህ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ በፌዴራል ታክሱ ላይ ማይል አይቀነስለትም።

የመጨረሻው ስህተት፣ ጠይቆ መልሱን አለመጻፍ ነው። መሠረት የሌለው ተቀናሽ ካስገባን ቅጣቱ 1,000 ዶላር ወይም ከሥራው ያገኘነው ክፍያ ግማሽ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠው። አውቀን ወይም በግዴለሽነት ካደረግነው 5,000 ዶላር ወይም የክፍያው 75 በመቶ ይሆናል። የሚጻፈው ደግሞ ሁለት መስመር ነው፦ «መዝገብ አለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ስልኩ ላይ አሳየኝ፤ ከጥር እስከ ታኅሣሥ አለ።» ቀኑንም ጨምሩበት።