ከልጃችሁ ጋር ራፕ እንዴት ትሰማላችሁ? የአንድ ፀጉር ቆራጭ ምክር

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፀጉር እቆርጣለሁ። ፀጉር ቤቴ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ራፕ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሀበሻ አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ልጁ ወንበሩ ላይ ሆኖ ግጥሙን በከንፈሩ ይከተላል። አባት ከኋላ ፊቱን ቋጥሮ ይቀመጣል። ከዚያ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ይሄን ነገር እንዴት ነው የማስተወው?» ይለኛል። አታስተወውም። ይልቅ አብረኸው ስማ እለዋለሁ።

ለመጀመር መኪና ጥሩ ቦታ ነው። ፊት ለፊት ስለማትተያዩ ልጁ አይጨነቅም። «የምትወደውን አንድ ዘፈን ክፈት» በሉት። አንድ ብቻ። እስኪያልቅ ድረስ ዝም በሉ፣ ስድብ ሲመጣም ጭምር። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ «እግዚኦ!» ካላችሁ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይሰካና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሲያልቅ «የቱ ጋ ነው ደስ የሚልህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ፍጥነቱ ካስቸገራችሁ ጂኒየስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ግጥሙ ከነማብራሪያው አለ። ማብራሪያውን በብዛት የሚጽፉት አድማጮች ናቸውና እንደ ወንጌል አትያዙት።

ቀጥሎ ተራው የእናንተ ነው። ለአባቶች የማዝዘው የራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊን «አዝ ዊ ኤንተር» ነው፣ በ2010 የወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ከሥሩ የሚሰማው ሙዚቃ የሙላቱ አስታጥቄ «የገሌ ትዝታ» ነው። መጀመሪያ የሙላቱን አጫውቱት፣ ከዚያ ራፑን። ለአንዴ እንኳ አዋቂው እናንተ ትሆናላችሁ።

ለእናቶች ደግሞ የራፐሩን የቱፓክን «ዲር ማማ» («ውድ እማዬ») አዝዛለሁ፣ የ1995። እናቱ በሱስ ተይዛ እንደነበር አይደብቅም፤ በዚያው አፉ ብቻዋን ስላሳደገችው ያመሰግናታል። ገበና አደባባይ ማውጣት ለእኛ ሰው ይከብዳል። እዚሁ ቤቴ ውስጥ አንዷ እናት «አዋረዳት» ስትል ሌላዋ እንባዋን ስትጠርግ አይቻለሁ። ከልጃችሁ ጋር ተከራከሩበት። ማን ልክ እንደሆነ ለመወሰን አትቸኩሉ።

አሁን ዋናው ነገር። ራፐርን በአንድ ዘፈን አትዳኙት። አንዱን መርጣችሁ ከጀማሪነቱ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ለእኛ ልጆች ከኒፕሲ ሃስል የተሻለ አላውቅም። ስሙ ኤርሚያስ አስገዶም ነው። አባቱ ኤርትራዊ፣ እናቱ ጥቁር አሜሪካዊት። ያደገው ደቡብ ሎስ አንጀለስ፣ ክሬንሾ ሰፈር ነው። በአፍላነቱ የሰፈሩ ጋንግ (የወሮበላ ቡድን) ውስጥ ገብቷል፤ ይህንንም ክዶ አያውቅም። በ2004 አባቱ ኤርትራ ወሰደው፤ ሦስት ወር ያህል ቆየ። ያ ጉዞ አስተሳሰቡን እንደለወጠው በየቃለ መጠይቁ ይናገር ነበር።

አሰማሙ እንዲህ ነው። በ2008 ከጀመረው «ቡሌትስ ኤይንት ጋት ኖ ኔም» ከሚለው ተከታታይ ሥራው አንድ ዘፈን ውሰዱ። ከ2013ቱ «ክሬንሾ» አንድ ጨምሩ። ከ2018ቱ የመጨረሻ አልበሙ «ቪክትሪ ላፕ» ደግሞ ሁለት። ከዚያ ልጁን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «የሚኮራበት ነገር ምን ነበር፣ አሁንስ ምን ሆነ?» መጀመሪያ ላይ ኩራቱ በጎዳና ስሙ ነው። እየቆየ ግን በሱቅ፣ በመሬት፣ የራሱን ሙዚቃ ራሱ በመያዙ ይኮራል። «ክሬንሾ»ን ኢንተርኔት ላይ በነጻ ለቆ 1,000 ሲዲ ብቻ አሳተመ፤ አንዱን በ100 ዶላር ሸጠው። ታዋቂው ራፐር ጄይ-ዚ ብቻውን 100 ገዛ። ልጆች ይህን ሲሰሙ ሒሳቡን ቶሎ ይሠሩታል፣ ዓይናቸው ይፈጣል።

የጎዳናው ወሬ መጨረሻው አልበም ላይም እንዳለ አትሸፋፍኑ። ሰው እንደ ሸሚዝ አይቀየርም። አንዳንድ አባት «ዞሮ ዞሮ ተገደለ አይደል?» ይለኛል። አዎ፣ መጋቢት 31 ቀን 2019፣ በ33 ዓመቱ፣ እዚያው ሰፈሩ በከፈተው ሱቅ ደጃፍ ላይ። ግን ይህን ልጁን ማስፈራሪያ ካደረጋችሁት ጆሮውን ይዘጋል። «ሀብታም ከሆነ በኋላ ለምን ከሰፈሩ አልወጣም?» ብላችሁ ጠይቁት። ለዚህ የማይመልስ ልጅ አላጋጠመኝም።

ኒፕሲ የማይስማማው ልጅ ካለ የኬንድሪክ ላማርን የ2012 አልበም፣ «ጉድ ኪድ፣ ማድ ሲቲ»ን፣ በቅደም ተከተል ስሙ። በዘፈኖቹ መሀል እናቱና አባቱ የተዉለት የስልክ መልእክት ይሰማል። እናት መኪናዬን መልስልኝ ትላለች። አባት ከኋላ ስለ ዶሚኖ ጨዋታው ይጮኻል። ወደ መጨረሻው ላይ ግን ያው አባት ቆም ብሎ፣ ወንድነት ሰው መግደል ሳይሆን ኃላፊነት መሸከምና ቤተሰብን መንከባከብ እንደሆነ ይነግረዋል። አብራችሁ ስትሰሙ እዚህ ጋ ምንም አትጨምሩ። እናንተ ስትሉት የማይሰማውን ኬንድሪክ ካደገበት ከኮምፕተን ሰውዬ ይስማው።

ስለ ጉራው አትደንግጡ። ፉከራና ቀረርቶ እየሰማ ያደገ ሰው «ምን ያስደነፋዋል?» ለማለት አፍ የለውም። ራፕም የራሱ ነውር አለው፦ የሰው ግጥም መስረቅ፣ ያልኖሩትን ኖርኩ ማለት፣ ያሳደገን ሰፈር መርሳት። ልጁን የሚወደው ራፐር በእነዚህ ሲመዘን የት እንደሚቆም ጠይቁት። ከእናንተ በላይ ጨካኝ ዳኛ ይሆናል።

የማትቀበሉትን ግን በግልጽ ተናገሩ። እኔ ሴት የሚያዋርድ ዘፈን ቤቴ ውስጥ አላስከፍትም። ምክንያቱንም ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ፦ እህቶቻቸው እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋቸዋል። «በእኔ ቤት ይሄ አይሆንም» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ራፕ ሁሉ ቆሻሻ ነው» ማለት ሌላ። ገና ከአስር ዓመት በታች ለሆነ ደግሞ ክርክር አያስፈልግም። ስፖቲፋይ የሚባለው የሙዚቃ መተግበሪያ ላይ ስድብ ያለባቸውን የሚያግድ ማስተካከያ አለ፣ እሱን አብሩት።

በመጨረሻ ራሱን ራፕ አስጽፉት። 16 መስመር፣ በራፕ አንድ ቨርስ ማለት ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ ያላየውን አይጽፍም። ሽጉጥ ካላየ ሽጉጥ የለም፤ አውቶቡስ፣ የሒሳብ ፈተና፣ የአያቱ ስልክ አለ። ጮክ ብሎ ያንብብ፣ እናንተ በጭብጨባ ምቱን ያዙለት። አማርኛም ሆነ ትግርኛ ቢያንስ ሁለት ቃል ያስገባ። እንጀራና ቡና አይቆጠሩም።