የድሮ የድረ ገጽ ድምፅ በአዲስ ኮምፒውተር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በክረምቱ አንድ መሪጌታ ከቢቸና ድረስ አንድ ሲዲ በነጠላ ጠቅልለው ደብረ ማርቆስ ወዳለው የኮምፒውተር መጠገኛ ቤቴ መጡ። ሲዲው ላይ ያለው የሟች የቅኔ መምህራቸው ድምፅ ነው። አብሯቸው የተማረና ባሕር ማዶ የሚኖር ወዳጃቸው ከ20 ዓመት በፊት በድረ ገጽ ላይ አኑሮት ነበር፤ ገጹ ሊዘጋ ሲል ገልብጦ ላከላቸው። የልጃቸው አዲስ ላፕቶፕ ገጹን ይከፍታል፤ የመምህሩ ፎቶ ይታያል፤ ከሥሩ ግን ምንም የማይናገር ግራጫ ሳጥን ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ይህ ዕቃ ደንቆሮ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ጆሮውስ ደኅና ነው፣ የኔታ፤ የድሮውን ቋንቋ አያውቅም እንጂ» አልኋቸው።

እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ብዙ እጅ ነክቶታል። ስህተቶቹ ሁልጊዜ የማያቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹን ራሴም ሠርቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው፣ የድሮውን ማጫወቻ ብራውዘር ውስጥ ለማስነሣት መታገል ነው። ሪልኦዲዮ የሚባለው የድረ ገጽ ድምፅ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1995 ከመጣ በኋላ ባሉት ዓመታት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ብራውዘሮች ድምፅን በአብዛኛው የሚያሰሙት ከውጭ በሚገጠምላቸው ፕለጊን ነበር። ክሮም ይህን በር በመስከረም 2015 ዘጋው፤ ፋየርፎክስ በመጋቢት 2017 ድምፅና ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከሚያሳየው ከፍላሽ በቀር ሁሉንም አስወጣ። ፍላሽም ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 አበቃለት። ስለዚህ ፕለጊኑን ቢያገኙት እንኳ የሚሰካበት ቀዳዳ የለም። ድልድዩ ከተነሣ በኋላ በቅሎ መለወጥ ዓባይን አያሻግርም። ድምፁ በፍላሽ ፋይል ውስጥ ከሆነ ብቻ ሩፍል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ያጫውተዋል። ለቀረው ሁሉ ፋይሉን ከገጹ አውጥቶ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ፕሮግራም መክፈት ይሻላል፤ ሪልኦዲዮንም የዊንዶውስ ሚዲያ ድምፅንም በአብዛኛው ያነባል።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይወለዳል፦ «ሁሉን የሚያጫውት» እያለ ከሚጠራ የማይታወቅ ገጽ ፕሮግራም ማውረድ። የመሪጌታው ልጅ ላፕቶፕ ከድምፁ በፊት ቫይረስ ማጽዳት ያስፈለገው በዚህ ነው። በዊንዶውስ ላይ የአፕልን የድሮ ማጫወቻ፣ ኩዊክታይምን፣ መልሶ መጫንም እንዲሁ ነው፤ አፕል በ2016 ድጋፉን ሲያቆም የታወቁ የደኅንነት ቀዳዳዎቹን ሳይደፍን ነው የተወው።

የፋይሉን ስም ጭራ ከሪልኦዲዮው አርኤም (.rm) ወደ ኤምፒ3 (.mp3) የሚቀይሩም አሉ። የቢቸና ጤፍ ባለበት ጆንያ ላይ «ገብስ» ብሎ መጻፍ ነው፤ ውስጡ ያው ጤፍ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የሚከተለው ነው፤ ሰው ስህተት መሆኑን የሚያውቀው ከረፈደ በኋላ ነውና። ጭራው «ራም» (.ram) የሆነ ፋይል ድምፅ አይደለም። በኖትፓድ ሲከፍቱት የሚያገኙት አንድ ወይም ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው፦ ድምፁ የተቀመጠበት የሌላ ኮምፒውተር አድራሻ። በዊንዶውስ ሚዲያ ዘመን «ኤኤስኤክስ» (.asx) የሚባለውም እንዲሁ ነበር። ከመሪጌታው 14 ፋይሎች 9ኙ እንዲህ ያሉ ሆነው ተገኙ፤ ያ ወዳጃቸው ድምፁን የገለበጠ መስሎት አድራሻውን ነበር የገለበጠው። መለያው መጠኑ ነው። የግማሽ ሰዓት ቅኔ ሁለት መቶ ባይት አይሞላም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ ይጠርጥሩ። አድራሻው በአርቲኤስፒ (rtsp)፣ በፒኤንኤም (pnm) ወይም በኤምኤምኤስ (mms) የሚጀምር ከሆነ ዛሬ የትኛውም ብራውዘር አይከፍተውም። መነሻውን ወደ ኤችቲቲፒ (http) ለውጦ የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው በኢንተርኔት አርካይቭ መፈለግ አንዳንዴ ይሠራል። እኔ ከ9ኙ 2ቱን በዚህ መንገድ አገኘሁ።

ድምፁ ከተገኘ በኋላ ያለው ስህተት ስስት ነው። በስልክ መስመር ዘመን ለዘገምተኛ ሞደም የተዘጋጀ ሪልኦዲዮ በሰከንድ 8 ኪሎቢት ብቻ ነበር። እሱን በ320 ኪሎቢት ወደ ኤምፒ3 መለወጥ ፋይሉን 40 እጥፍ ያሳብጠዋል እንጂ ድምፁን አያጠራውም። ለአንድ ሰው ንግግር 64 ኪሎቢት ይበቃል፤ ኤምፒ3ንም ዛሬ ሁሉም ብራውዘር ያጫውተዋል። ዋናውን ፋይል ግን በፍጹም አይደምስሱ። ከተለወጠው ላይ እንደገና በተለወጠ ቁጥር ድምፁ ይሸረሸራል፤ በዜማ ላይ ደግሞ ያ ስስ የድምፅ መርገብገብ ሊጠፋ ይችላል።

በመጨረሻ አዲሱን ፋይል ገጹ ላይ ሲያስገቡ ራሱ እንዲጀምር አይዘዙት። ክሮም ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ ተጠቃሚው ሳይነካው ድምፅ የሚያሰማን ገጽ ያግዳል፤ ከዚያ «አሁንም አልሠራም» ተብሎ ሌላ ልፋት ይጀመራል። የማጫወቻ ቁልፉ ይታይ፤ ሰው ራሱ ይጫነው።

ለቀሩት 7 ፋይሎች ወደ ባሕር ማዶ ደወልን። ሰውዬው ድምፁን ያዘጋጀው ከካሴት ነበር፤ ካሴቶቹንም አገር ሲለቅ ለመሪጌታው አደራ ሰጥቷቸው ሄዷል። መሪጌታው ጥቂት ዝም አሉና «ከጎታው ኋላ ካለው ሣጥን ውስጥ ናቸዋ!» አሉ።

አሁን የምፈልገው ካሴት የማይበላ ቴፕ ነው።