መንዝ ላይ ልጅ ሲታመም የምንሠራቸው ስህተቶች

መንዝ ብርድ ነው። ልጅ ሲያስለው «ብርድ መትቶት ነው» ይባልና በባና ተጠቅልሎ እሳት ዳር ይተኛል። አንደኛው ስህተት ይሄ ነው። የሁለት ዓመት የአክስቴን ልጅ እንዲህ ሁለት ቀን ጠቅልለን ከረምን። የጤና ኤክስቴንሽኗ ስትመጣ መጀመሪያ ያደረገችው ባናውን መግለጥ ነበር፤ ልብሱን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ስልኳን ይዛ፣ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። 54። ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ይጠረጠራል። ደረቱ ሥር ከተሰረጎደ ወይም መጥባት ካቃተው ደግሞ ጤና ጣቢያ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን።

ሌላው የቀበሌውን ጤና ኬላ መናቅ ነው። «እነሱ ምን ያውቃሉ» ይባልና ኮንትራት መኪና ተይዞ ቀጥታ ደብረ ብርሃን። አንዳንዴ ኬላው ተዘግቶ ይገኛል፣ አልክድም። ለዚህ የጤና ኤክስቴንሽኗን ስልክ መያዝ ነው። የጤና መድህን ያለው ሰው ሪፈር ሳይዝ ሆስፒታል ከሄደ ከኪሱ ሊከፍል ነው፣ በግ ተሽጦ ማለት ነው። ልጁ 18 ከሞላውም ተጨማሪ መዋጮ ካልተከፈለለት በቤተሰቡ መታወቂያ አይታከምም። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆሞ ነው።

ለተቅማጥ የሚሰጠውን ኦአርኤስ በስኒ ገምቶ መበጥበጥም አለ። አንዱ ፓኬት ለ1 ሊትር ውሃ ነው፤ ባለ 1 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ልኩን ይሰጣችኋል። ሲወፍር ጨው ይበዛበትና ልጁን ይጎዳል። አብሮ የሚሰጠውን የዚንክ ክኒን ደግሞ ተቅማጡ ቆመ ብላችሁ እንዳትተዉት፣ 10 ቀን ነው።

እንጥል ማስቆረጥ? እሱስ ይቅር። ትርፉ ደም መፍሰስና ቁስል ነው።

ክትባት ላይ የ45 ቀኑን የሚረሳ የለም። የሚረሳው የ1 ዓመት ከ3 ወሩ ነው። «ኩፍኝ በ9 ወሩ ተከትቧል» ትላለች እናት። ልክ ናት፣ ግን ሁለተኛው ይቀረዋል።

ወጣቶቹን ግን ጨርሶ ረስተናቸዋል። በ2011 ለ14 ዓመት ሴቶች የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት መሰጠት ሲጀምር «መሃን ያደርጋል» ብሎ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረ አባት አውቃለሁ። ውሸት ነው፣ አያመክንም። ሌላም አለ። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ እንደ ምንም ደፍራ ጤና ጣቢያ ሄደች። አግዳሚው ላይ የእናቷ ጎረቤት ተቀምጣለች። ካርድ የሚያወጣው ሰውዬ «ምን አመመሽ?» አላለም። ሰው ሁሉ እየሰማ «የማን ልጅ ነሽ?» አላት። «እናቴን ፈልጌ ነው» ብላ ወጣች።