የልጃችሁ ክርን ከስብራት በኋላ ከተጣመመ

ልጅ ወድቆ ክንዱን ከክርኑ በላይ ይሰበራል። ወጌሻ ያስረዋል፣ ሕመሙም ይተወዋል። ከወራት በኋላ ግን እጀ ጉርድ ሲለብስ አንዱ ክርን ወደ ውጭ ጎብጦ ታያላችሁ። የእህቴን ልጅ የገጠማት ይኸው ነው፤ "ስታድግ ይስተካከላል" ተብለን ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቅን። አይስተካከልም። የላይኛው ክንድ አጥንት በብዛት የሚያድገው በትከሻ በኩል ነው፣ በክርን በኩል የሚያድገው 20 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ወደ ጎን የተጣመመው ባለበት ይቀራል።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ እዩት። ልጁን ፊት ለፊታችሁ አቁሙት፣ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ታች ቀጥ ያድርግ፣ መዳፎቹን ወደ እናንተ ያዙር። ደህነኛው እጅ ከክርን በታች ከሰውነት ትንሽ ራቅ ይላል፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዲግሪ። የተጣመመው ግን ወደ ጭኑ ይጠጋል። በስልክ ፎቶ አንሱትና ለሐኪሙ አሳዩት።

እባካችሁ አታሳሹት። አንዴ የገጠመ አጥንት በመታሸት አይቀናም፤ ይባስ ብሎ የተጎዳ ክርን ሲታሽ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅልና እጁ አልታጠፍ ሊል ይችላል።

የአጥንት ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ከተገኘ የሕፃናት። አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳና ኪዩር ሆስፒታሎች አሉ። የሁለቱም ክርኖች ራጅ ይነሳል፣ ምክንያቱም ምን ያህል እንደሚቀና የሚለካው ከደህነኛው ጋር ተነጻጽሮ ነው። የሚቀናው በቀዶ ሕክምና ነው፤ ብዙ ሐኪሞች ግን ቀዶ ሕክምናውን ከመሥራታቸው በፊት ከስብራቱ በኋላ አንድ ዓመት ያህል መጠበቅን ይመርጣሉ፣ አጥንቱ እንዲጠነክርና ክርኑ በደንብ መታጠፍ እንዲጀምር። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ ግን ነርቭ እየተነካ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ታዩ።

ቀዶ ሕክምናው በሙሉ ማደንዘዣ ነው። ከክርኑ ከፍ ብሎ በውጭ በኩል ይከፈትና ከአጥንቱ ላይ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ይወጣል፤ ክፍተቱ ሲዘጋ ክንዱ ይቀናል፣ ከዚያ በሽቦ ወይም በብረት ይያዛል። ከመፈረማችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፦ ነርቭ የመነካት አደጋው ምን ያህል ነው? በውጭ በኩል እብጠት የሚመስል ነገር ይቀራል? ተመልሶ ቢጣመምስ? ልጁ ጉንፋን ወይም ሳል ካለው አትደብቁ፣ ለማደንዘዣው ወሳኝ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዓይናችሁ ጣቶቹ ላይ ይሁን። ሞቀው፣ ቀለማቸው እንደ ሌላኛው እጅ ሆኖ፣ ሲያንቀሳቅሳቸው መታየት አለባቸው። ማስታገሻ ወስዶም ሕመሙ ከባሰበት፣ ጣቶቹን ስትዘረጉለት ከጮኸ፣ ወይም ከገረጡና ከቀዘቀዙ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት፤ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ጀሶው እንደ አጥንቱ አገጣጠም ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል፣ ሽቦ ከሆነም ብዙውን ጊዜ በዚያው ሰሞን ይወጣል። ያኔ ክርኑ ድርቅ ብሎ ያስደነግጣችኋል፣ እኛንም አስደንግጦን ነበር። ጎትታችሁ አታጥፉት፣ ልጁ ራሱ ያንቀሳቅሰው። ቀኝ እጁ ከሆነ ማጉረሱን ተዉትና ራሱ ይጉረስ። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ሰሞን አንገቷን ወደ ሰሃኑ እያስጠጋች ነበር የምትበላው፣ ቀስ በቀስ እጇ አፏ ድረስ መጣላት። ዛፍ መውጣትና ኳስ ግን አጥንቱ መግጠሙ በራጅ እስኪታይ ድረስ ይቆይ።