ከደብረ ብርሃን ሆኖ ለንደንን መደገፍ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የለንደኑን ኳስ ቡድን የአርሴናልን ሜዳ፣ ኤምሬትስ ስታዲየምን፣ ከቲቪ ውጪ አይቼው አላውቅም። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግኩ፣ ከሃያ ዓመት በላይ አርሴናልን የደገፍኩ ሰው ነኝ። በነዚህ ዓመታት ያልሠራሁት ስህተት የለም። አሁን ለምትጀምሩ ልጆች ይኸው።

የመጀመሪያው፣ ዋንጫ የበላውን ቡድን አይቶ መግባት። እኔም የገባሁት በዚሁ በር ነው። በፈረንጆቹ 2003/04 አርሴናል 38ቱንም የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫውን ሲወስድ በየዓመቱ እንዲህ የሚሆን መስሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ፓሪስ ላይ በቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ባርሴሎና 2 ለ 1 ሲያሸንፈን ነው የነቃሁት፤ ያን ሌሊት እራቴን አልበላሁም። ቡድን ስትመርጡ "ሲሸነፍስ እችለዋለሁ ወይ?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ሰዓትን አለማወቅ ደግሞ የብዙዎቻችን በሽታ ነው። እንግሊዞች በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም። እነሱ ጋ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ ሊጉ ሲከፈት እኛ ጋ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ግን 12 ሰዓት ይሆናል። ይህን ሳላውቅ አንድ ቅዳሜ በ11 ሰዓት ዲኤስቲቪ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። በሩ ዝግ፣ ንፋሱ አጥንት ይሰብራል፣ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ አንድ ሰዓት ሙሉ። "በጥቅምት አንድ አጥንት" ያሉት አባቶቻችን የኛን ከተማ ብርድ ቀምሰው መሆን አለበት። መጋቢት ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነና በ12 ሰዓት ስደርስ የመጀመሪያው አጋማሽ አልቆ ጠበቀኝ።

በዚያው ላይ አንድ የሚያጽናና ነገር ልንገራችሁ። እነዚያ የቅዳሜ 9 ሰዓት ጨዋታዎች እንግሊዝ ውስጥ በቀጥታ በቲቪ አይተላለፉም፤ ሰው ወደ ስታዲየም እንዲሄድ ብለው ነው። ስለዚህ ትኬት ያጣው የለንደን ሰው የማያየውን እኛ እዚህ ቆሎ እየቆረጠምን እናየዋለን።

ከሁሉ የከፋው ግን ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ስልክ ከፍቶ ውጤት ማየት ነው። ስልኩ አንዳንዴ ከምስሉ ይቀድማል። አንድ ቀን የማዕዘን ምት አግኝተን ተጫዋቹ ኳሷን ገና መሬት ላይ እያስቀመጠ ነው፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘናል፣ ከኋላ አንዱ ልጅ ስልኩን እያየ "ገባ!" አለ። ጎሉ በእርግጥ ገባ፤ ማንም ግን አልዘለለም። ሁሌ ጥግ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ ዞር ብለው "ልጄ፣ ወይ ስልክህን ዝጋ ወይ ቤትህ ግባ" አሉት። ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም።

በራስ ቡድን ላይ ቤቲንግ መቁረጥስ? ተዉት። ቡድናችሁ 1 ለ 0 አሸንፎም "ሁለት ጎል ይገባል ብዬ ነበር" ብላችሁ ተናዳችሁ ትወጣላችሁ። እንዲህ ያለ ድጋፍ አለ እንዴ?

ከማንቼ ደጋፊ ጋር መበሻሸቅ ሌላ፣ መጣላት ሌላ። ጎረቤቴ የማንቼ ነው፣ ስንሸነፍ ሆን ብሎ በራችን ላይ ያፏጫል። ግን መብራት የጠፋ ቀን ጄኔሬተር ያለበትን ቤት ፈልጎ የሚደውልልኝም እሱ ነው።

"ኦሪጅናል ማሊያ ከሌለኝ ደጋፊ አይደለሁም" ብሎ የወር ደሞዝን ማውጣትም ስህተት ነው። የኔ ከገበያ የተገዛ ነው። መጀመሪያ የታጠበ ዕለት ቀለሙ ለቆ የእናቴን ነጭ ነጠላ ሮዝ አደረገው። ተቆጣችኝ፣ አልጣለችውም ግን። አሁን ጨዋታ ያለ ቀን "ያቺን የአርሴናል ነጠላዬን አቀብለኝ" ትለኛለች።