አሮጌ የፊልም ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን ክፈቱ
የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። እንጀራዬ የሠርግ ፎቶ ነው፣ በዲጂታል፤ ለራሴ ግን እስከ ዛሬ በፊልም አነሣለሁ፤ ጥቁርና ነጩን እቤቴ አጥባለሁ። የሰፈር ልጆች ያገለገለ ካሜራ ይዘው ይመጡልኛል፣ ግን ብዙ ጊዜ ከከፈሉ በኋላ። ቀድማችሁ ብትጠይቁኝ የምላችሁ ይህንን ነበር።

ፊልም እንደሌለው አረጋግጡና ጀርባውን ክፈቱ። የምታዩት ጥቁር ጨርቅ (በአንዳንዱ ስስ ብረት) የሹተሩ (ለፊልሙ ብርሃን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል) መጋረጃ ነው። ጨርቁ ሲያረጅ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀዳዳዎች ያወጣል። ሌንሱን ፍቱ፣ ከሌንሱ ጀርባ ያለውን መስታወት ጠርዙን ብቻ ነክታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሡ፣ የስልካችሁን መብራት ከፊት አብሩና ጋቢ ተከናንባችሁ ከኋላ ተመልከቱ። ኮከብ የመሰለ ነጥብ ካያችሁ ለሻጩ መልሱለት። መጋረጃው ሁለት ነው፤ ስለዚህ አንዴ ሳትስቡ፣ አንዴ ፊልም መሳቢያውን ስባችሁ እዩ። አብዛኛው ሰው ሁለተኛውን ይረሳል።

እኔም ረስቼው ነበር። ከመርካቶ አንድ የሚያብለጨልጭ ካሜራ ገዝቼ የወንድሜን ልጅ ክርስትና፣ በ80 ቀኗ፣ አነሣሁበት። ፎቶው ሲታተም በእናቷ ጥለት ላይ፣ በካህኑ ካባ ላይ፣ በሁሉም ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ተረጭቶ አገኘሁት። ልጅቷ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ የዚያን ቀን ሌላ ፎቶ የላትም።

ቀጥሎ ጆሯችሁን ስጡት። የሹተሩን ፍጥነት 1 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ተጫኑ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ተንቀራፍፎ ከቆመ ውስጡ ያለው ቅባት ደርቋል። ዜኒት ኢ የሚባለው የሶቪየት ካሜራ ግን ከ1/30 ሰከንድ የሚዘገይ ፍጥነት ስለሌለው (ጣታችሁን እስክታነሡ ክፍት ከሚቆየው ቢ በቀር) እዚያ ላይ አትድከሙ፤ ፍጥነቱንም የምትቀይሩት መጀመሪያ ስባችሁ ነው።

ሌንሱን ወደ ብርሃን ይዛችሁ አሻግራችሁ እዩ። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም፤ የእኛ ሰፈር ሌንስ ያለ አቧራ አይገኝም። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ግን ሻጋታ ነው። ክረምቱን በሙሉ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ቁም ሳጥን ታችኛው መደርደሪያ ላይ የኖረ ካሜራ ይህ አይቀርለትም። አፐርቸሩን (ሌንሱ ውስጥ ያለውን የብርሃን ቀዳዳ) ክፈቱ፣ ዝጉ፤ ቅጠሎቹ ላይ ዘይት ካለ ይዘገያሉ።

ባትሪን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ያለ ባትሪ የሚተኩስ ግዙ። ካኖን ኤኢ-1 ቆንጆ ካሜራ ነው፣ ነገር ግን 6 ቮልት የሆነች ባትሪ ከሌለችው ሹተሩ አይንቀሳቀስም። ያቺን ባትሪ ፍለጋ ከአባዶ ፒያሳ ድረስ ተመላልሼ አውቃለሁ። ካሜራው ሲተኩስ ሲጥ የሚል ድምፅ ካሰማም ቅባት ይፈልጋል። ከ1976 እስከ 1997 የተመረተው ፔንታክስ ኬ1000 ግን ባትሪ የሚፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ማጥፊያ ስለሌለው ሳትጠቀሙ ሌንሱን ክደኑት፣ አለዚያ ባትሪው ያልቃል። ዜኒት ኢ ጭራሽ ባትሪ አያውቅም። የብርሃን መለኪያው መርፌ ካሜራውን ወደ ፀሐይ ስታዞሩት ካልተነቃነቀች መለኪያው ሞቷል፤ ዋጋ አስቀንሱበት እንጂ ለዚህ ብላችሁ አትተዉት። ጠራራ ፀሐይ ላይ ISO 100 በሚል ፊልም አፐርቸር 16፣ ፍጥነት 1/125 አድርጋችሁ ብታነሡ ይወጣል።

የጀርባው በር ዳርና ዳር ያለው ስፖንጅ እንደ ሬንጅ ከተጣበቀባችሁ አትደንግጡ። ጠርጋችሁ ጥቁር የሱፍ ክር ቦዩ ውስጥ ብታስገቡ ብርሃን አያሳልፍም።

ከገዛችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ፊልም ለሰው ድግስ አታውሉት። ግድግዳ፣ ሰማይ፣ የታክሲ ሰልፍ አንሡ፤ ፍጥነቱን እየቀያየራችሁ በደብተር ጻፉ። ፊልሙ ሲታጠብ ነጠብጣቡ በየፎቶው አንድ ቦታ ላይ ከታየ ጥፋቱ የካሜራው ነው፤ ቦታውን ከቀያየረ አጠባውን ጠርጥሩ። ከፊልሙ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ቀጥ ያለ ጭረት ካለ ደግሞ ጀርባው ላይ ፊልሙን የሚጫነውን ጠፍጣፋ ብረት በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ አሸዋ ገብቶበት ይሆናል።