ኢንፍራሬድ ሌዘርን የሌሊት ካሜራ መብራት ስናደርግ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሌሊት የሚያይ ካሜራ ላይ ኢንፍራሬድ ሌዘር (ዓይን በአብዛኛው የማያየውን ጨረር የሚያወጣ መብራት) የሚገጥም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ምን ያህል ርቀት ያሳየኛል?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከርቀቱ በፊት ስለ ዓይን ላውራ።

ከሁሉም የከፋው ስህተት «ካልታየ አይጎዳም» ማለት ነው። የሚታይ ሌዘር ዓይናችን ላይ ሲያርፍ በሩብ ሰከንድ ያህል እንጨፍናለን። ኢንፍራሬድ ላይ ይህ መከላከያ የለም። የዓይናችን ሌንስ ግን የሞገድ ርዝመቱ (የጨረሩን ዓይነት የሚለየው ልኬት) እስከ 1400 ናኖሜትር ድረስ ያለውን ጨረር ሰብስቦ ሬቲና ላይ፣ ማለትም ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የኋላ ክፍል ላይ ያሳርፈዋል። ሬቲና ደግሞ ሕመም አይሰማውም። ሰውዬው ጉዳቱን የሚያውቀው እይታው ላይ ጥቁር ነጥብ ሲመጣበት ነው። በጨለማ ብሌናችን ሰፍቶ ስለሚቆይ ሌሊት የሚገባው ጨረር ይበልጣል።

ሁለተኛው፣ ሌዘሩ ላይ የተለጠፈውን የኃይል ቁጥር ማመን። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት 122 የሌዘር ጠቋሚዎችን ፈትሾ ነበር። ከአረንጓዴዎቹ 90 በመቶ ገደማ፣ ከቀዮቹ ደግሞ 44 በመቶ ያህሉ የአገሪቱን የሌዘር ደህንነት ደንብ አላሟሉም። ስለዚህ «5 ሚሊዋት» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

የፀሐይ መነጽር ማድረግም መፍትሔ አይደለም። ጥቁር መስታወት ኢንፍራሬድን ሊያሳልፍ ይችላል፤ ብሌንንም ያሰፋል። የሚያስፈልገው ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር ነው።

የሞገድ ርዝመት ካነሳን አይቀር፦ 850 ናኖሜትር ካሜራው በደንብ ያየዋል፣ ግን ምንጩ ላይ ደብዛዛ ቀይ ፍም ይታያል። 940 ለዓይን አይታይም፤ ካሜራውም ግን ደከም ብሎ ነው የሚያየው። የቀን ካሜራ ከሆነማ ኢንፍራሬድን የሚያግድ ማጣሪያ ስላለው መብራቱ ብዙም አይጠቅመውም።

ጨረሩን ሳይበትኑ መልቀቅ ሌላው ነው። ትንሽ ነጥብ ብቻ ያበራል፤ ጉልበቱም አንድ ቦታ ይከማቻል። በሌንስ ሲበተን ምስሉ ላይ የአሸዋ ዓይነት ነጠብጣብ ይቀራል፣ የሌዘር ጠባይ ነው። በመስኮት መስታወት ውስጥ አሳልፎ ማብራትም ብርሃኑን ወደ ካሜራው መልሶ ምስሉን ያነጣዋል። ጭጋግና አቧራም እንደዚያው ናቸው።

ለግቢ ከሆነ እኔ የምመርጠው የ850 ኤልኢዲ መብራት ነው። ርካሽ ነው፣ ሰፊ ቦታ ያበራል፣ ለዓይንም ይሻላል። ሌዘር ካስፈለገ ግን በልጆችና በእንስሳት ዓይን ከፍታ ላይ አትስቀሉት። መስመሩን ስታስተካክሉም ወደ ምንጩ ጎንበስ ብላችሁ አትዩ። ጨረሩ የት እንዳረፈ ከካሜራው ስክሪን ላይ ተመልከቱ።